ለቅዳሜው ውይይታችን፦ አርዳል ኦሃንሎን

ውድ የንባብ ክበባችን አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

ቅዳሜ የምናወራው ስለ አየርላንዳዊው ኮሜዲያንና ደራሲ አርዳል ኦሃንሎን ነው (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው)። በ1965 ሞናሃን ውስጥ ካሪክማክሮስ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪምና ፖለቲከኛ ነበሩ፤ የጤና ሚኒስትርም ሆነዋል። ልጅየው ቀልድ መረጠ። ከጓደኞቹ ጋር ደብሊን፣ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ «ኮሜዲ ሴላር» የሚባል መድረክ ከፈቱ። ሴላር ማለት ምድር ቤት ነው፤ መድረኩ ያለው ግን ፎቅ ላይ! ቀልዱ ገና ከስሙ ይጀምራል።

ስሙን ያስጠራው ከ1995 እስከ 1998 የታየው «ፋዘር ቴድ» የተባለ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው። በውስጡ የዋሁን ቄስ ዱጋልን ሆኖ ይጫወታል። አብሮት የሚኖረው ቄስ ቴድ የአሻንጉሊት ላሞች ይዞ፣ እነዚህ ትንንሽ እንደሆኑ፣ በመስኮት የሚታዩት ደግሞ ሩቅ ስለሆኑ ብቻ እንደሚያንሱ ደጋግሞ ያስረዳዋል። ዱጋል ወይ ፍንክች! እኔ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግራችሁም።

በዚያው በ1998 የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ወጣ። ሳቅ ጠብቃችሁ እንዳትገቡ፤ የፓትሪክ ስከሊ የተባለ ወጣት ታሪክ ነው፣ ጨለም ያለ። ሁለተኛው የታተመው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2022 ነው። በመሃሉ ትወናው ጊዜውን ወስዶበታል፤ ከ2017 እስከ 2020 «ዴዝ ኢን ፓራዳይዝ» በተባለ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ መርማሪ ሆኖ ሠርቷል።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ የጨረሳችሁ ለሌላው አቀብሉ፤ ያለን ቅጂ ጥቂት ነው።