የጨቅላ ታይሮይድ ውጤት በአዋቂ ልክ አይነበብ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

የጤና ገጻችሁን ሁሌ አነባለሁ። ስለ ጨቅላ ሕፃናት የታይሮይድ ምርመራ ግን በደንብ ብትጽፉበት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ወላጆች የላብራቶሪ ወረቀት ተቀብለው ከቁጥሩ ጎን ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ሲያዩ የሚይዙት የሚጨብጡት ይጠፋቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ደግሞ ቁጥሩ ሳይሆን ከጎኑ «ኖርማል» ተብሎ የታተመው ልክ ነው። ቲኤስኤች፣ ማለትም የእንቅርት (ታይሮይድ) ዕጢን እንዲሠራ የሚያዘው ሆርሞን፣ ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ይሁን የሚለው የአዋቂ ልክ ነው።

ሕፃን ሲወለድ ይህ ቲኤስኤች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ 60 እና 80 ይወጣል። ይህ ተፈጥሮ ነው፣ በሽታ አይደለም። በ24 ሰዓት ወደ 20 አካባቢ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ቀስ እያለ ይቀንሳል። እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን የተገኘ 18 እና በሦስተኛው ሳምንት የተገኘ 18 ፈጽሞ አንድ አይደሉም። የፊተኛው ምንም ላይሆን ይችላል፤ የኋለኛው ግን ዝም አይባልም። ከተረከዝ የሚወሰደው ደም ከተወለደ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሆን የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ቲኤስኤች ብቻውን አይበቃም፤ ዕጢው ራሱ ከሚያመርተው ሆርሞን፣ ከፍሪ ቲ ፎር ጋር ነው የሚነበበው። ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ፍሪ ቲ ፎር ዝቅ ካለ፣ ዕጢው እየታዘዘ መሥራት አቅቶታል ማለት ነው። ቲኤስኤች ትንሽ ከፍ ብሎ ፍሪ ቲ ፎር ደህና ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምርመራው ይደገማል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ፍሪ ቲ ፎር ዝቅ ብሎ ቲኤስኤች ኖርማል ወይም ዝቅተኛ የሚሆንበትን ነው። ያኔ ችግሩ ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ቲኤስኤች ብቻ የሚለካ ምርመራም ያልፈዋል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትም ቲኤስኤቻቸው ዘግይቶ ሊጨምር ስለሚችል የመጀመሪያው ውጤት ደህና ቢሆንም መደገም አለበት።

መለኪያውንም እዩት። አንዱ ላብራቶሪ ፍሪ ቲ ፎርን 1.2 ናኖግራም በዴሲሊትር ሲል ሌላው 15 ፒኮሞል በሊትር ሊል ይችላል፤ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። ይህን ያላወቀ ወላጅ ሆርሞኑ በአንድ ሳምንት አሥር እጥፍ የጨመረ ይመስለዋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን «ልጁ ደህና ነው፣ እንጠብቅ» የሚለው ነው። ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ ዕጢው በቂ ሆርሞን የማያመርትበት ችግር አለበት፤ አብዛኞቹም ሲወለዱ ምንም አይታይባቸውም፣ የእናትየው ሆርሞን በእንግዴ ልጁ በኩል ስለሚያልፍላቸው። ብዙ ይተኛል፣ አያለቅስም፣ «ጨዋ ልጅ ነው» ይባላል፤ ያ እንቅልፍ ራሱ ምልክት ሊሆን ይችላል። የዓይንና የቆዳ ቢጫነቱ ቶሎ አለመልቀቁ፣ የሆድ ድርቀት፣ ጎርናና ለቅሶም እንደዚሁ። ምልክት እስኪታይ መጠበቅ ግን አንጎሉን ይጎዳል። ሕክምናው እኮ ቀላል ነው፤ የጎደለውን ሆርሞን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን ክኒን ተፈጭቶ በትንሽ የእናት ጡት ወተት ይሰጣል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቢጀመር ደግሞ ልጁ እንደ እኩዮቹ የማደግ ዕድሉ በጣም ጥሩ ነው። የተረከዙ ቲኤስኤች ከ40 ካለፈ ከደም ሥር ሌላ ናሙና ተወስዶ፣ ውጤቱ ሳይጠበቅ መድኃኒቱ ወዲያው ይጀመራል።

ላብራቶሪዎችን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ደሙ ሲወሰድ ሕፃኑ ስንት ሰዓት ወይም ስንት ቀን እንደሆነው ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ ከጎኑ የሚታተመውም ልክ የዚያ ዕድሜ ይሁን። ወላጆችም ይህ ካልተጻፈ ወረቀቱን ከመቀበላችሁ በፊት ጠይቁ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ