የካናቢስ ክምችት ምዝገባ ለነገ የሚያድር ሥራ አይደለም

ይድረስ ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፤

የአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ከጥር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዋቂዎች የካናቢስ (ማሪዋና) ችርቻሮ ሽያጭ ስትፈቅድ፣ ባለፈቃዶች እያንዳንዱን ተክል መለያ ቁጥር ለጥፈውበት ከችግኝነቱ እስከ ሽያጩ «ሜትሪክ» በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት እንዲመዘግቡ አስገድዳለች። በዴንቨር በአንድ መደብር የክምችት ሠራተኛ ሆኜ ደጋግሜ ያየሁት ጥፋት፣ የዕለቱን ምዝገባ ለነገ ማሳደር ነው። ምርቱ ሲታጨድ የነበረው እርጥብ ክብደት፣ ሲደርቅ የቀነሰው፣ የተወገደው ግንድና ቅጠል፣ በየጥቅሉ የገባው ግራም በወቅቱ ካልተጻፈ፣ ጉድለቱ ከእርጥበት መትነን ይሁን ከስርቆት የመጣ ማንም ሊለየው አይችልም። እያንዳንዱ ምዝገባ በይለፍ ቃሉ ወደ ሥርዓቱ በገባው ሠራተኛ ስም ስለሚቀመጥ፣ ባልደረባ የይለፍ ቃሌን ሲጠይቀኝ ሰጥቼ አላውቅም፤ ወገኖቼም እንዳይሰጡ አጥብቄ እመክራለሁ።

ለእኛ ለስደተኞች ግን ሌላም ከባድ ጉዳይ አለ፦ የፌዴራሉ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ግዛቱ ቢፈቅድም እንኳ በዚህ ሥራ መሰማራት ዜግነት ለማግኘት እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። ስለዚህ ጋዜጣችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋብዞ ጉዳዩን በአማርኛ እንዲያስረዳልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከዴንቨር