የጣና ዳርቻ ወሰን መሬት ላይ ይሰመር

ለአማራ ክልል የጣና ሐይቅና ሌሎች የውኃ አካላት ጥበቃና ልማት ኤጀንሲ
ባሕር ዳር

የተከበራችሁ የኤጀንሲው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። ዘመዶቼ ደንቢያ ውስጥ ከጣና ዳር ያርሳሉ፤ እኔም ሐይቁን የማውቀው ይበልጡን በእነሱ ማሳ በኩል ነው። በጀታችሁ ጠባብ መሆኑን እረዳለሁ፤ ክልላችን አሁን ባለበት ሁኔታ በቶሎ ይሰፋል ብዬም አልጠብቅም። ስለዚህ ገንዘብ ይጨመር ለማለት አልተነሣሁም። የምለምናችሁ፣ ያለውን ገንዘብ ከመመደባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ በግልጽና በጽሑፍ እንድትመልሱልን ነው። ከጣና ዳርቻ የትኛውን ክፍል ልትከላከሉ፣ የትኛውን ደግሞ ለውኃው ልትተዉ አስባችኋል?

ጥያቄው እንደሚከብድ አይጠፋኝም። ነገር ግን እናንተ ባትመልሱትም በየክረምቱ ጎርፉ ይመልሰዋል፤ የጎርፉ መልስ ደግሞ አስቀድሞ አይነገርም።

ባሕር ያላቸው አገሮች ከዚህ ጥያቄ ማምለጥ አልቻሉም። የዓለም የባሕር ወለል እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2100 ደግሞ እንደ ሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀት መጠን ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ እስከ አንድ ሜትር ሊጨምር እንደሚችል ሳይንቲስቶች ይገምታሉ። በእንግሊዝና በዌልስ ዳርቻው በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል ከአራት ውሳኔዎች አንዱ ይጻፍለታል፦ ያለውን መከላከያ ይዞ መቆየት፣ ወደ ባሕሩ መግፋት፣ ወሰኑን ሆን ብሎ ወደ ኋላ መመለስ፣ ወይም ጣልቃ አለመግባት። ውሳኔው የቅርብ ጊዜንም፣ የሃምሳና የመቶ ዓመትንም ይመለከታል። ከእኛ እጅግ የበለጸገ አገር እንኳ ዳርቻውን ሁሉ በግንብ ማጠር አቅሙ እንደማይፈቅድ አምኗል ማለት ነው።

ከዚያው አገር የሚያሳዝን ነገርም እንማራለን። ፌርቦርን የምትባለው የዌልስ የባሕር ዳር መንደር መከላከያዋ እ.ኤ.አ. ከ2054 በኋላ ላይጠገን እንደሚችል ሲወራ የቤቶቿ ዋጋ ወደቀ፣ ነዋሪዎቿም ነገ የት እንደሚገቡ ሳያውቁ በጭንቀት ከረሙ። ዳርቻ ሲተው ሰውም አብሮ እንዳይተው ውሳኔው ከካሳና ከመተኪያ መሬት ጋር ካልመጣ በቀር ዕቅድ ሊባል አይገባውም።

ጣና ውቅያኖስ አይደለም፤ ውኃውም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም። ቢሆንም ውቅያኖሱ በመቶ ዓመት የማይወጣውን ከፍታ ጣና ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ብቻ ይወጣዋል። ሐይቁ ዝቅ ሲልና ሞልቶ ሲታይ ያለው ልዩነት በአብዛኛው ዓመት ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይጠጋል። በገደላማ ዳርቻ ይህ ምንም ላይመስል ይችላል። እንደ ደንቢያና ፎገራ ባለ ሜዳ ላይ ግን ማሳ፣ የግጦሽ መሬትና ቤት ይውጣል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ ጎድሎ የመርከብ ጉዞ እስከ መቋረጥ ደርሶ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራና ደንቢያ በጎርፍ ተጥለቀለቁ። የምታቅዱት ለሁለቱም ነው።

ደግሞም ነገሩ የሰማይ ሥራ ብቻ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. የውኃ መልቀቂያ በሮቹ ሰባት ሆኑ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ኃይል ጣቢያ ውኃውን በዋሻ ይወስዳል። በር ሲከፈትና ሲዘጋ የሐይቁ ከፍታ ይለወጣል፤ ከፍታው ሲለወጥ ደንቢያ ላይ የገበሬው ዘር ይተርፋል ወይም ይሰጥማል። ይህ መረጃ በመሥሪያ ቤቶች መካከል ይለዋወጥ ይሆናል፤ ለሚዘራው ሰው ግን አይደርሰውም። የሐይቁን ከፍታና የበሮቹን ሁኔታ በየሳምንቱ በቀበሌና በሬዲዮ ማሳወቅ ስንት ብር ይፈጃል?

ባሕር ሸሽ ስለሚባለው መሬት ጥቂት ልበል፤ የነገሩ ዋና ቋጠሮ ያለው እዚያ ነው። ከጥቅምት በኋላ ውኃው ሲሸሽ ገበሬው ይከተለዋል። ጭቃው ገና እርጥበቱን እንደያዘ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፤ ያለ መስኖ ያለ ዝናብ ይበቅላል። ድንበሩ አንድ የተተከለ እንጨት ነው። በቀጣዩ ዓመት ውኃው ቀድሞ ከመጣ እንጨቱ ተነቅሎ ይሄዳል፤ ውኃው ርቆ ከሸሸ ደግሞ አዲስ መሬት ይወጣና የማን እንደሆነ የሚናገር ሰነድ አይገኝም። ያን ጊዜ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ አንዳንዱም ይዞታውን ለማስፋት ደንገሉን፣ በውኃው ዳር የሚበቅለውን ረጅም ተክል፣ ይመነጥራል። ደንገል ሲመነጠር ደለል የሚያጣራ፣ ማዕበል የሚሰብር፣ ዓሣ የሚራባበት ነገር ይጠፋል። ታንኳ የሚሠሩ ወገኖቻችንም አንድ እስር ደንገል ፍለጋ ሩቅ ይሄዳሉ። ማንም በክፋት አላደረገውም። ወሰኑ ስላልታወቀ ሁሉም ሌላው ሳይቀድመው ይሽቀዳደማል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ለወሰን ይዋል እላለሁ። ከጎርጎራ ጀምሮ የመገጭ ወንዝ ሐይቁ እስከሚገባበት ባለው ዳርቻ ጀምሩ። ውኃው ከፍ ብሎ የታየበትን ቦታ የአካባቢው ሽማግሌዎች ያውቁታል፤ እነሱ እያሳዩ፣ ባለሙያ እየለካ፣ ዓመተ ምሕረቱ የተጻፈበት የሲሚንቶ ምሰሶ ይተከል። ከምሰሶው በላይ ያለው በይዞታ ደብተር ይጽና። ከምሰሶው በታች ያለው የወል ይሁን፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሚዘራበት በቀበሌው ስምምነት ይወሰን፤ የውኃው ጠርዝ ግን ለደንገል ይተው። ይህ ከአረም ማጨጃ ማሽን ግዢ በእጅጉ የሚቀል ወጪ ነው።

ማሽን ካነሣሁ ሐይቁን ስለወረረው እምቦጭ ስለሚባለው አረምም ልናገር። አረሙ ጣና ላይ በይፋ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሕዝቡ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። ያንን ድካም አከብራለሁ። ሆኖም አረሙን የሚመግበው ከላይ የሚወርደው አፈር፣ ማዳበሪያና ፍሳሽ እስካልቀነሰ ድረስ በየዓመቱ ያንኑ ሥራ መድገም ነው። እዚህ ላይ ጎንደር ተጠያቂ ናት። የአንገረብና የቀሃ ወንዞች ከተማችንን አቋርጠው ከመገጭ ይቀላቀላሉ፣ መገጭም ጣና ይገባል። ደለል ምን እንደሚያደርግ ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ የምንጠጣበት የአንገረብ ግድብ ዓይናችን እያየ በደለል ተሞልቷል። ኤጀንሲው ከከተማ አስተዳደራችን ጋር ተቀምጦ የእርከን፣ የተፋሰስና የፍሳሽ ሥራውን ድርሻ በግልጽ ቢጠይቀን የምንቃወም አይመስለኝም። እኔ በበኩሌ አልቃወምም።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉት። ይህን ሁሉ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ፤ እውቀት አጥሯችሁ አይደለም ደብዳቤ የምጽፈው። ገንዘብ ሲያንስ ለሁሉም ቦታ ትንሽ ትንሽ መበተን ለሰጪው ይቀልለዋል፤ ማንም ቀረብኝ ብሎ አይከስምና። በተግባር ግን ግማሽ እርከን ጎርፍ አያቆምም፣ ግማሽ ወሰንም ክርክር አይፈታም። አንዱን ቀበሌ ጨርሳችሁ ሌላውን ለከርሞ ማቆየታችሁን ከነምክንያቱ ብትነግሩን ይሻለናል። ተራው ያልደረሰው ያዝናል፤ ቁርጡን ካወቀ ግን እህሉንም ከብቱንም በጊዜ ያሸሻል።

በመስከረም መጨረሻ ሐይቁ ሞልቶ ሳለ ባለሙያዎቻችሁን ወደ ደንቢያ ላኩ፤ የውኃው ጠርዝ ያን ጊዜ ለማንም ይታያል። ልኬቱ እንዳለቀ በደንቢያ ዋና ከተማ በቆላ ድባ ገበሬውን፣ ዓሣ አስጋሪውንና የከተማችንን ተወካዮች ሰብስባችሁ የቱ ክፍል እንደሚጠበቅ፣ የቱ እንደሚለቀቅ፣ ለሚለቀቀው ምን እንደሚተካ ንገሩ። ቃለ ጉባኤውም በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጎንደር ነዋሪ