የሥነ ዜጋ ክበብ ዓመት፦ አንድ ቀን ለመምረጥ አራት ስብሰባ

ክበባችን ዘንድሮ ከሁሉ በላይ የተከራከረው በራሱ የስብሰባ ቀን ነው። ጥቅምት ላይ እጅ አውጥተን በድምፅ ብልጫ ዓርብ ምሳ ሰዓት አልን። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በማግስቱ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ መጣና «ቲቸር፣ ጁምዓ እኮ ነው» አለኝ። ደሴ ተወልጄ አድጌ ይህን መርሳቴ እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ምክክራዊ ዴሞክራሲ የሚባለውን ሐሳብ ወደ ክፍል ያመጣሁት ያኔ ነው። ድምፅ ከመቆጠሩ በፊት ሰው በእኩልነት ተቀምጦ ምክንያት ይለዋወጥ ይላል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ዩርገን ሀበርማስ ሊያሸንፍ የሚገባው የተሻለው ምክንያት እንጂ ጉልበት አይደለም ባይ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ ደግሞ በመሠረታዊ የሀገር ጉዳዮች ላይ እምነቱ የተለየ ሰውም ሊቀበለው የሚችል ምክንያት አቅርቡ ይላል። ልጁ ይህን ሲሰማ «የኔ ምክንያት ሶላቴ ነው፤ ሌላ ከየት ላምጣ?» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዲት ማተብ ያሰረች ልጅ «እሁድ ጧት ብትሉኝ እኔስ ከቅዳሴ ሌላ ምን ምክንያት አለኝ?» አለች። ዓመቱን ሙሉ ከሰማሁት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ይህ ነው።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ይሁን ተባባልን። ታኅሣሥ ላይ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ የሚያስታርቁ አንድ አበጋር አባት ጋበዝን። ገና አቦሉ ሳይጠጣ «ዝም ያሉትን ጠየቃችኋቸው ወይ?» አሉን። አልጠየቅንም። የሚናገሩት ሁልጊዜ እነዚያው አራት አምስት የከተማ ልጆች ነበሩ።

ሁልጊዜ የሚናገሩት ብቻ እንዳይመክሩ አየርላንዶች ዕጣን ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በዕጣ የተመረጡ 99 ዜጎች ስለ ፅንስ ማቋረጥ ሕግ ለወራት መከሩ፤ በ2018ቱ ሕዝበ ውሳኔ 66.4 በመቶ መራጭ ለውጡን ደገፈ። እኛም ስማችንን በብጣሽ ወረቀት ጽፈን ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርን። ከገጠር እየተመላለሰች የምትማር ልጅ ስም ወጣ። ክርክር አላቀረበችም። ሐሙስ ሐሙስ ሲመሽባት ጅብ እየፈራች ኮንጎ ጫማዋን በእጇ ይዛ እንደምትሮጥ ነገረችን። አይሪስ ማሪየን ያንግ የተባለች ምሁር፣ ክርክር ብቻ ከተፈቀደ መናገር የለመደው ይበልጣልና ሰው ታሪኩንም ይንገር ብላ ነበር። መጽሐፍ ላይ ሳነበው እንዲህ አልገባኝም።

የስብሰባችን ቀን በመጨረሻ ረቡዕ ምሳ ሰዓት ሆነ። አንድ አባል «በድምፅ ያለቀ ነገር ለምን ይቀሰቀሳል?» ብሎ ቀረ። ሄጄ አናገርኩት፤ ጊዜ ፈጅቷል ማለቱ እውነት ነው፣ አልካድኩትም። ይህም ሠላሳ ሰው በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጦ ነው። መላው ትምህርት ቤት እንዴት ይመክራል የሚለውን ለመስከረም አሳድረነዋል።