የማለዳው «ንጹሕ አየር» በየት በኩል ያልፋል?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ አዲስ አበባ አየር ብክለት ያወጣችሁትን ዘገባ ልጄ ከስልኳ አነበበችልኝ። ብዙው ደህና ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን አስቆምኳት። «ስፖርት የምትሠሩ ከመንጋቱ በፊት ውጡ፣ መኪና ስለሌለ አየሩ ንጹሕ ነው» ይላል። ድገሚው አልኳት። ደገመችው።

እኔ መንገድ ጠራጊ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መጥረጊያዬን ይዤ አስፋልት ላይ ነኝ። ያ ንጹሕ አየር በየት በኩል እንደሚያልፍ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። እስካሁን አልተገናኘንም።

መኪና የለም ማለትስ ምን ማለት ነው? ሲኖትራኮቹ ቀን አትግቡ ሲባሉ የት የሄዱ መሰላችሁ? አሸዋውን ሳይሸፍኑ ሌሊት ነው የሚከንፉት። ያራገፉትን እኛ እንጠርጋለን።

ልጄ በጂኦግራፊ የተማረችውን ነገረችኝ። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ዙሪያዋም ተራራ ነው። በበጋ ሌሊቱ ይበርዳል። ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ይተኛል፣ ሞቃቱ ከላይ እንደ አክንባሎ ይከደንበታል። የማታው የከሰል ጭስ፣ ናፍጣው፣ አቧራው መውጫ ያጣል። ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው እዚያው ነው። ለሯጮቻችሁ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋስ ሲነሳ ይሻላቸዋል። እኔ ግን ይህን ለማወቅ ጂኦግራፊ አላስፈለገኝም። የመንገድ መብራት ሥር ቆሞ ቀና ማለት ይበቃል።

ኅዳር 12ንማ ተዉት። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ሰው ሲያልቅ የመጣ ማጠን ነው። ዛሬ የሚታጠነው ፌስታልና አሮጌ ጎማ ነው። በማግስቱ አመዱን ማን እንደሚያፍስ አልጻፋችሁም።

አፌን በነጠላ እጠመጥማለሁ። ቤት ስገባ አፌ የነበረበት ቦታ ጠቁሯል። ዘገባችሁ ራሱ ብናኙ ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ይቀጥናል ብሏል፣ እንግዲህ ነጠላ ምን ሊመልስ ነው? ሳሌ ሦስት ዓመት ሆነው። ክሊኒክ ሄጄ «አለርጂ ነው፣ አቧራ አካባቢ አትድረሺ» ተባልኩ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ሌሊቱን ሥራ ገባሁ።

ጉዳት ያሰጋቸዋል ብላችሁ ስትዘረዝሩ ሾፌር አለ፣ ትራፊክ ፖሊስ አለ፣ ተማሪ አለ። ውሻ ይዘው የሚንሸራሸሩ ሳይቀሩ አሉ! ጠራጊ የለም። ከዘገባው ጋር ያወጣችሁት ፎቶ ላይ ያለው አስፋልት ግን ጥርግ ብሏል።

ማረሚያ ከማውጣታችሁ በፊት ጋዜጠኛችሁ 10 ሰዓት ላይ ብቅ ይበል። ትርፍ መጥረጊያ አለኝ።

የመንገድ ጽዳት ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ