ዲስክ ላይ ዘይት አታድርጉ፤ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን ከአንዳንዶቻችሁ ቅሬታ ሰምተናል። «ፍሬኔ ጮኸብኝ ብዬ ብመጣ ፓድ ቀይር አሉኝ፤ ጠርገው ቢመልሱልኝ ምን ነበረበት?» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ፓድ ርካሽ አይደለም። በሞተር ሳይክሉ ሠርቶ ለሚያድር ሰው እያንዳንዷ ብር ትቆጠራለች። ስለዚህ ምክንያታችንን እናስረዳችሁ። ዲስክ የምንለው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት ነው፤ ፓድ ደግሞ ፍሬን ስትይዙ ዲስኩን ግራና ቀኝ የሚጨምቀው ነው።

ክረምት ሲገባ፣ በተለይ ጣና ሐይቅ ዳር የምትኖሩ፣ ሞተሩ ውጭ ካደረ ጠዋት አንዳንድ ዲስክ ላይ ቡናማ ነገር ታያላችሁ። ዝገት ነው። ግን ስስ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ስትይዙ ፓዱ ራሱ ይጠርገዋል። ይህን ያላወቀ ሰው ጨርቅ ዘይት ነክሮ ዲስኩን ያብሳል። ሌላው ደግሞ ሲጮህበት እንደ በር ማጠፊያ ዘይት ጠብ ያደርግበታል። ጩኸቱ ይጠፋል፣ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል።

ፓዱ ዲስኩን ጨምቆ በመፋተግ ነው ጎማውን የሚያቆመው፤ መሃላቸው ዘይት ከገባ ይንሸራተታል። ሞተሩ ሲቆም አብዛኛው ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። ሰው የሚቀባው ደግሞ ብዙ ጊዜ የፊቱን ነው። እስቲ ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ስትወርዱ መሪው ላይ ያለውን ፍሬን ጨብጣችሁ ሞተሩ ዝም ብሎ ሲሄድ አስቡት።

«ታዲያ ዲስኩን ጥረጉትና ጨርሱ» ላላችሁን፣ ዲስኩማ ብረት ነው፣ ይጠረጋል። ፓዱ ግን ዘይት ይጠጣል። ባለፈው አንድ ደንበኛችን አላምን ስላለን ፓዱን አውጥተን፣ ፊቱን በሳሙና አጥበን፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን አሳየነው። ንጹሕ መሰለ። ከዚያ በእሳት ስናሞቀው ዘይቱ እንደ ላብ ነጠብጣብ እየሆነ ከውስጡ ወጣ፣ ጭሱም ሸተተን። መንገድ ላይም እንደዚሁ ነው፤ ፍሬን ደጋግማችሁ ስትይዙ ፓዱ ይግላል፣ የጠጣውን መልሶ ዲስኩ ላይ ይተፋዋል። ለዚህ ነው ዘይት የጠጣ ፓድ አጥበን የማንመልስላችሁ። ለመሸጥ ብለን አይደለም።

ዲስክ በናፍጣ የምታጥቡም አላችሁ። ናፍጣ ራሱ ቅባት ነው። ለፍሬን ማጽጃ ተብሎ የሚሸጠው ስፕሬይ ካልተገኘ ንጹሕ አልኮል በንጹሕ ጨርቅ ይሻላል፤ የእጅ ሳኒታይዘር ጄል ግን አይሆንም፣ ቆዳ ማለስለሻ አለበት። ካቴና ስትቀቡም የኋላው ፍሬን ዲስክ ከሆነ ቀድማችሁ በፌስታል ሸፍኑት፣ ስፕሬይ ሩቅ ይበተናል።

ግሪስ ፍሬን አካባቢ ጨርሶ አይነካም ማለታችን አይደለም። ካሊፐሩ፣ ማለትም ፓዶቹን የሚይዘው ክፍል፣ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች (ቀጫጭን ዘንጎች) ላይ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ግሪስ በትንሹ ይገባል። እነሱ ሲደርቁ ፓዱ አንድ ወገን ብቻ ያልቃል፣ ጩኸትም ያመጣል። ስለዚህ ሲጮህባችሁ ብዙ ጊዜ ወይ አቧራ ነው፣ ወይ ፓዱ አልቋል፣ ወይ ፒኑ ደርቋል። ከፍተን ሳናይ ግን መናገር አንችልም።

የፍሬን ዘይት ሌላ ነገር ነው፤ ዲስክ ላይ የሚቀባ ሳይሆን በፍሬኑ ውስጥ ሆኖ የእጃችሁን ጭመቃ ወደ ፓዱ የሚያደርስ ፈሳሽ ነው። የማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ዶት 4 (የፍሬን ዘይት ዓይነት ነው) የሚል ከሆነ ያንኑ ጨምሩ። የሞተር ዘይት የጨመረ ሰው አጋጥሞናል፤ ፍሬኑ ውስጥ ያሉት የጎማ ማሸጊያዎች ሁሉ አብጠው ተበላሹበት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብም በየ2 ዓመቱ ይቀየር። አዲሱ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ሲገባበት ግን ወደ 155 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ከፈላ ደግሞ ፍሬኑ እጃችሁ ላይ ስፖንጅ ይሆናል።

ከዛሬ ጀምሮ ፓድ ስንቀይር አሮጌውን በእጃችሁ እንሰጣችኋለን፣ ለምን እንደተቀየረም እዚያው እናሳያችኋለን። አዲስ ፓድ የገባላችሁ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ረጋ ብላችሁ ንዱ፣ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ሙሉ በሙሉ አይዝም።

ዲስኩን ዘይት ነክቶት ከሆነ ግን እየነዳችሁ አትምጡ። ደውሉልን፣ እኛ እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ሠራተኞች፣ ባሕር ዳር