የድሮ ኮሚኮችን በርካሽ ለምትፈልጉ

ሰላም ውድ አባላት፣

ባለፈው ስንገናኝ «የድሮውን ስፓይደርማን ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ግን ዋጋው አይቀመስም» ያላችሁ ብዙ ነበራችሁ። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1962ቱን የመጀመሪያ እትም መግዛት ለእኛ የሚታሰብ አይደለም። ታሪኩን ለማንበብ ግን እሱ አያስፈልግም።

እኔ ሁሌም መጀመሪያ የምፈልገው የስፓይደርማን አሳታሚ ማርቭል እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረውን፣ የድሮ ኮሚኮችን በጥራዝ ሰብስቦ የሚያቀርበውን «ኤሴንሺያል» ነው። አንዱ ጥራዝ 500 ገጽ ገደማ አለው። ወረቀቱ የጋዜጣ ዓይነት ነው፤ ሥዕሉም ጥቁርና ነጭ። ቀለሙ ሲነሳ ግን የመጀመሪያው የስፓይደርማን ሠዓሊ የስቲቭ ዲትኮ መስመር ፍንትው ብሎ ይታያል። የስፓይደርማንን ጣቶች ብቻ እዩ! የሌላው አሳታሚ የዲሲ አቻ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 የመጣው «ሾውኬዝ ፕሬዘንትስ» ነው። ሁለቱም መታተም ስላቆሙ ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጡበት ነው የሚገኙት። ከመክፈላችሁ በፊት ገጾቹ የተጣበቁበትን ጎን ፎቶ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ገዝቼ፣ ገና ስገልጠው ሙጫው ለቆ ገጾቹ እጄ ላይ ተበተኑ። በጣም ነው ያዘንኩት።

ቀለም ለምትወዱ «ማይቲ ማርቭል ማስተርወርክስ» አለላችሁ። መጠኑ አነስ ያለ ስለሆነ ለልጆችም ይመቻል። የስፓይደርማን 1ኛ ጥራዝ ከመጀመሪያው ታሪክ ሌላ የራሱን መጽሔት 10 እትሞች ይዟል።

«ኦምኒበስ» የሚባሉትን ወፋፍራምና ውድ ጥራዞች ግን አትግዙ። መጀመሪያ የሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ እነሱ ጋ ባይኖር እንኳ ከሌላ ቅርንጫፍ ሊያስመጡላችሁ ይችላሉ።

ጥሩ ዋጋ ያገኘ ለሁላችንም ይጻፍ። «ዱም ፓትሮል» የሚባለውን የዲሲ ጀግኖች ቡድን ሾውኬዝ 2ኛ ጥራዝ ያየ ካለ ደግሞ እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ።